ቮልስን በ1:24 መሥራት፦ በጋራዥ ቀለምና በጎጃም አፈር

የፕላስቲክ መኪና ኪት (ተቆራርጦ በሳጥን የሚመጣ፣ ገጣጥመውና ቀብተው የሚሠሩት ትንሽ ሞዴል) ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ በቀላሉ አይገኝም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውጭ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው። ዘመድ ሳጥኑን ያምጣላችሁ፤ ቀለሙንና ማጣበቂያውን ግን አታስይዙት። ተቀጣጣይ ስለሆኑ አውሮፕላን ላይ አይፈቀዱም። ቀለም፣ ቲነር፣ ስቱኮና የውሃ ብርጭቆ ወረቀት የመኪና ቀለም ከሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል። ችግሩ እነዚህ ዕቃዎች የተዘጋጁት ለላሜራ መሆኑ ነው። ኪቱ የሚሠራው ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ሲሆን ላሜራን ምንም የማያደርገው ቲነር ይህን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል። ስለዚህ ከእጅ ቅልጥፍና በፊት መታወቅ ያለበት የትኛው ፈሳሽ የትኛውን ንብርብር እንደሚበላ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ለምሳሌ የያዝነው ቮልስን ነው። የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ እ.ኤ.አ. የ1966ቱን ቮልስዋገን 1300 በ1:24 አውጥቶታል። ለጀማሪ የምንመርጠውም በሦስት ምክንያት ነው። አካሉ ክብ ስለሆነ ቀለም በእኩል ይቀበላል። የዘመኑ ቀለሞች (ነጭ፣ ክሬም፣ ፈዛዛ ሰማያዊ) ብልጭልጭ የሌለባቸው ናቸው። ከሁሉም በላይ መኪናው በአገራችን መንገድ ላይ ዘመን ያስቆጠረ ስለሆነ ዝርዝሩን ቆሞ ማየት፣ መለካትና ፎቶ ማንሳት ይቻላል።

ልኬቱን ቀድማችሁ ጨርሱ

1:24 ማለት በሞዴሉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር የሆነው በእውነተኛው መኪና ላይ 24 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ እምብርት ርቀት 2,400 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በሞዴሉ ላይ ልክ 100 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ይህ ቁጥር ሻንሲው ቀጥ ብሎ መገጣጠሙን የምታረጋግጡበት ነው፤ ግራና ቀኙን በማስመሪያ ለኩ፣ የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ካለ መኪናው ዞሮ ይቆማል። የ15 ኢንች ቸርኬ ወደ 16 ሚሊ ሜትር፣ 1.54 ሜትር የሆነው የመኪናው ወርድ ወደ 64 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ይኸው ስሌት ለቀለምም ይሠራል። ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚረጨው መነሻ ሽፋን)፣ ቀለምና ክሊር (ከቀለም በላይ የሚረጨው ቀለም አልባ ሽፋን) ተደራርበው 0.1 ሚሊ ሜትር ከወፈሩ በእውነተኛ መኪና ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለም እንደመቀባት ነው። የበሩ መስመር ይደፈናል፣ ጠርዙ ሁሉ ይዶለዱማል። ከጋራዥ የሚገዛ ሜታሊክ ቀለምም በዚህ ምክንያት አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ብልጭልጭ ቅንጣት ለ1:24 በጣም ትልቅ ስለሆነ መኪናው አሸዋ የተረጨበት ይመስላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ኩተር ከትርፍ ምላጭ ጋር፣ ስለታም ጥፍር መቁረጫ ወይም የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙት ትንሽ መቁረጫ ፒንሳ፣ ቁጥር 400፣ 600፣ 800፣ 1000 እና 2000 የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ የቅንድብ መንቀያ ወረንጦ፣ የወረቀት ስኮች፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ የጥርስ እንጨት፣ ቁጥር 0 እና 2 ብሩሽ። ለማጣበቅ የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያ ካልተገኘ ንጹሕ አሴቶን በቀጭን ብሩሽ መጠቀም ይቻላል። ከውበት ሱቅ የሚገዛው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አንዳንዱ ዘይት የተቀላቀለበት ስለሆነ አይዝም፤ ጠብታ መስታወት ላይ አድርጋችሁ ሲደርቅ ቅባት ከተወ ተዉት። ሱፐር ግሉና ነጭ የእንጨት ኮላም ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱ የሚገቡበት ቦታ የተለያየ ነው።

ስለ ጭስና እሳት አንድ ማሳሰቢያ አለን፣ በብርቱ እንላለን። ቲነርና አሴቶን ከሰል በተያያዘበት ወይም ቡና በሚፈላበት ክፍል አይከፈቱም፤ ትነታቸው መሬት ለመሬት ሄዶ ፍም ላይ ይደርሳል። በረንዳ ላይ ወይም ግራና ቀኝ መስኮት ተከፍቶ ሥሩ። የጨርቅ ማስክ አቧራ እንጂ ትነት አያስቀርም፤ ካርቦን ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል። ማድረቂያ የሚቀላቀልበትን ባለ ሁለት ክፍል የመኪና ቀለምና ክሊር ደግሞ ቤት ውስጥ ጨርሶ አትርጩ፤ ማድረቂያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት ሳንባን ይጎዳል።

1. ማጠብና መቁረጥ

ቁርጥራጮቹ ፋብሪካ ውስጥ ከሻጋታው በቀላሉ እንዲላቀቁ የተቀባ ቅባት አለባቸው። ለብ ባለ ውሃና በላርጎ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ፣ አለቅልቁ፣ ሳትወለውሉ ይድረቁ። ይህን መዝለል በኋላ ቀለሙ ክብ ክብ እየሆነ የሚሸሽበት ዋና ምክንያት ነው።

ቁርጥራጩን አያይዞ ከያዘው የፕላስቲክ ፍሬም በሁለት ደረጃ ቁረጡ። መጀመሪያ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ትታችሁ፣ ቀጥሎ ትርፉን በኩተር። በአንድ ጊዜ ጥግ ድረስ ከተቆረጠ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ይሰነጠቅና ነጭ ጠባሳ ይተዋል። ፍሬሙን አትጣሉት። የቀለም መሞከሪያ ይሆናችኋል፤ ቁርጥራጩም በአሴቶን ውስጥ ሲሟሟ በአንድ ቀን ከኪቱ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ወፍራም መድፈኛ ይወጣዋል።

2. መግጠም፣ መድፈን፣ መስመር ማጥለቅ

ምንም ከመጣበቁ በፊት አካሉን፣ ሻንሲውንና የውስጡን ክፍል በስኮች አስራችሁ ደረቁን ግጠሙ። ፓራፋንጎው ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን፣ ኮፈኑ የሚዘጋበትን፣ ጎማው በፓራፋንጎው ውስጥ መሃል መግባቱን እዩ። ከቀለም በኋላ የሚገኝ ችግር ቀለሙን ሳያበላሽ አይስተካከልም።

ማጣበቂያውን በቀጥታ ክፍተቱ ላይ አታፍስሱ። ሁለቱን ቁርጥራጮች ገጥማችሁ ያዙ፣ ብሩሹን መጋጠሚያው ላይ ከውስጥ በኩል አስነኩ፤ ፈሳሹ ራሱ ስቦ ይገባል። ለ30 ሰከንድ ጨምቃችሁ ያዙና ለአንድ ሌሊት ተዉት። በደንብ ሳይደርቅ ከተላገ መጋጠሚያው ከቀናት በኋላ ይሰምጥና ቀለሙ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል።

ለስንጥቅ የጋራዥ ፖሊስተር ስቱኮ ጥሩ ነው፤ ስለማይኮማተር። የማድረቂያው መጠን ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው፤ በተግባር የባቄላ ያህል ስቱኮ ላይ የክብሪት ራስ ያህል ማድረቂያ ማለት ነው። ሲበዛ ስቱኮው ተሰባሪ ይሆናል፣ ሲያንስ ደግሞ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይጣበቃል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መጠንከር ስለሚጀምር ጥቂት ጥቂት አዋህዱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በ400 ጀምራችሁ በ600 እና በ800 በውሃ ላጉ።

ፕራይመር ከመግባቱ በፊት የበሩን፣ የኮፈኑንና የሞተር ክዳኑን መስመር በኩተር ጀርባ (በስለቱ አይደለም) ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ጫሩ። ከላይ የሚመጡት ንብርብሮች ሁሉ ይህን መስመር ስለሚሞሉት ቀድሞ ካልጠለቀ ይጠፋል። በቮልስ ላይ ፓራፋንጎውና አካሉ የሚገናኙበት ቦታ ቀጭን ጎማ መሰል ጥብጣብ ስላለው እሱን እንደ በር መስመር አትጫሩት፤ በኋላ በብሩሽ ይቀባል።

3. ፕራይመር

ግራጫ ፕራይመር ተጠቀሙ፤ ጭረትና ጉድጓድ በግራጫ ላይ ይጎላል። አካሉን ከውስጥ በኩል በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ በስኮች አስራችሁ በጠርሙሱ እየያዛችሁ አዙሩት።

የጋራዥ ፕራይመርን መጀመሪያ ፍሬሙ ላይ ሞክሩ። ፕላስቲኩ ከተሸበሸበ ወይም እንደ ድር ከተሰነጠቀ ቲነሩ ጠንካራ ነው። ሌላ ዓይነት ቲነር ፈልጉ፤ ከሌለ ያንኑ በጉም መልክ ርጩ፤ በጣም ስስ አድርጎ፣ እየደረቀ እንዲያርፍ፣ 15 ደቂቃ እየጠበቁ ሦስት ጊዜ። ቲነሩ ፕላስቲኩ ላይ ከማረፉ በፊት አብዛኛው ስለሚተን ለመብላት ጊዜ አያገኝም። ይህ ሽፋን አንዴ ከደረቀ በኋላ ለሚመጣው ቀለም ጋሻ ይሆናል። ቀለምና ክሊርን በተመለከተም ሕጉ ያው ነው፤ የመጀመሪያው ዙር ሁልጊዜ ጉም ነው።

ከ24 ሰዓት በኋላ በ1000 በውሃ አለስልሱ። ፕላስቲኩ በታየበት ቦታ ብቻ ድጋሚ ርጩ።

4. ቀለም

የንብርብሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ከሥር በቲነር የሚቀጥነው፣ ናይትሮ የሚባለው የመኪና ቀለም ይሆናል። ከሱ በላይ በውሃ ወይም በአልኮል የሚቀጥነው አክሪሊክ ሊመጣ ይችላል። በነጭ ጋዝ የሚቀጥነው የዘይት ቀለም ደግሞ ከሁሉም በላይ ይሆናል። ከሃርድዌር ሱቅ የተገዛ የዘይት ቀለም ተቀብቶ በላዩ ናይትሮ ከተረጨ የሥሩ ያብጣል፣ ይሸበሸባል፣ እስከ ፕላስቲኩ ድረስ ተልጦ ከመነሣት ሌላ መድኃኒት የለውም። የዘይት ቀለምን ለሻንሲና ለማርሚታ አውሉት፤ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ የብሩሽ ዱካው ራሱ ይጠፋል።

ቀለሙን ስትመርጡ ከእውነተኛው መኪና ትንሽ ፈካ ይበል። ትንሽ ዕቃ ላይ ቀለም ጠቆር ብሎ ስለሚታይ ለፈዛዛ ሰማያዊ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነጭ መጨመር በቂ ነው።

በኤርብረሽ (በአየር ግፊት የሚሠራ ትንሽ የቀለም መርጫ) ለሚረጩ፦ 0.3 ሚሊ ሜትር አፍንጫ፣ ግፊቱ ከ1 እስከ 1.5 ባር፣ ርቀቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር። ናይትሮ ቀለም 1 እጅ ከሆነ ቲነሩ ከ1.5 እስከ 2 እጅ ይሁን፤ ዕቃው ጎን ላይ ሲፈስስ እንደ ወተት ስስ ሽፋን ትቶ መውረድ አለበት። ትልቁ የጋራዥ ሽጉጥ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የ1.3 ወይም የ1.4 ሚሊ ሜትር አፍንጫ በአንድ ምት አካሉን ያጥለቀልቀዋል።

በስፕሬይ ጣሳ ለሚረጩ፦ ጣሳውን እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ አስቀምጡ፤ ግፊቱ ስለሚጨምር ቀለሙ ይደቅቃል። ምድጃ ላይ ወይም የፈላ ውሃ ውስጥ ግን በፍጹም፣ ይፈነዳል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ነቅንቁ። ርቀቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መርጨት የምትጀምሩት ከአካሉ ውጭ ነው፤ እጃችሁ አካሉን አልፎ ከሄደ በኋላ ደግሞ ጣታችሁን ታነሣላችሁ። ጣሳው ሲጀምርና ሲያቆም ጠብታ ስለሚተፋ ጠብታው አየር ላይ ይቅር።

ዙሩ አራት ይበቃል፦ አንድ ጉም፣ ሁለት መካከለኛ፣ አንድ እርጥብ። በመካከላቸው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። መጀመሪያ አስቸጋሪውን ቦታ፣ የፓራፋንጎውን ሥርና የመስኮቱን ጠርዝ፤ ጣሪያው መጨረሻ። ሲያልቅ ንጹሕ ሳፋ ድፉበትና ሂዱ። በተለይ ባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ ለሚሠሩ፦ ምሽት ላይ መብራት አብርታችሁ አትርጩ። ትንኙ በብርሃኑ ተስቦ እርጥቡ ቀለም ላይ ያርፋል።

የጎጃም አየርና ሰዓቱ

ቀለም የሚወደው ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠዋቱ ይቀዘቅዛል፤ እዚያ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ርጩ። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ በመጋቢትና በሚያዝያ እኩለ ቀን ቀለሙ ገና አየር ላይ ሳለ ይደርቃል፣ ሲያርፍም ሸካራ ይሆናል። ለእነዚህ ወራት ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት የተሻለ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ለናይትሮ ክፉ ወራት ናቸው። ቲነሩ ሲተን የቀለሙን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥበት ያለው አየር በዚያ ቀዝቃዛ ገጽ ላይ ጤዛ ይጥላል። ጤዛው ቀለሙ ውስጥ ታስሮ ሲቀር ጥቁሩ ግራጫ፣ ክሊሩ ደመና ይሆናል። ዝናብ እየጣለ ወይም ካባራ ብዙም ሳይቆይ አትርጩ። ከሆነ ደግሞ አትደንግጡ፤ ፀሐያማ ቀን ጠብቃችሁ ንጹሕ ቲነር ብቻ በጉም መልክ ብትረጩበት ገጹ ጥቂት ይለሰልስና የታሰረው እርጥበት ይወጣል። በክረምት መካከል ሞተሩን፣ ወንበሩንና ጎማውን በብሩሽ መሥራት ነው የሚያዋጣው፤ አካሉ መስከረምን ይጠብቅ።

የሚበላሽበት መልክና ምክንያቱ

ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ ቀለሙ ወፍራም ነው ወይም ከሩቅ ተረጭቷል፤ ከደረቀ በኋላ በ1000 እና በ2000 በውሃ ይላጋል። ከወረደ በጣም ቀርባችኋል ወይም እጃችሁ ቆሟል፤ እርጥቡን አትንኩት፣ ሁለት ቀን ቆይቶ ወራጁ ብቻ በትንሽ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ይላጋል። ክብ ክብ ጉድጓድ ከወጣ የጣት ቅባት አለበት። ጠርዝ ላይ ቀለሙ ከሳሳ ፈሳሽ ከሹል ቦታ ስለሚሸሽ ነው፤ ስትልጉ ጠርዙን አትንኩ።

ጨርሶ ለተበላሸ አካል የፍሬን ዘይት አለ። ዶት 3 የተባለው አብዛኛውን ቀለም ያስለቅቃል፣ ፖሊስታይሪኑን ግን አይበላም። ክዳን ባለው ዕቃ ለ24 ሰዓት ዘፍዝፉ፣ ጓንት አድርጋችሁ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ፣ በላርጎ ሁለት ጊዜ እጠቡ። የደረቀ ፖሊስተር ስቱኮ ሊላቀቅ ስለሚችል መጋጠሚያውን ድጋሚ መርምሩ። መስታወቶቹን እዚያ ውስጥ አትክተቱ። ቤንዚንና ቲነር ግን ፕላስቲኩን ራሱን ይበላሉ።

5. ክሊርና ማብራት

እዚህ ላይ መወሰን አለባችሁ፤ ታጥቦ የቆመ መኪና ነው የምትሠሩት ወይስ ከመንገድ የገባ? ለመንገዱ መኪና ሁለት ስስ የክሊር ዙር ይበቃል፣ መወልወልም አያስፈልገውም። ለታጠበው ሦስት ወይም አራት ዙር ርጩ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ በ2000 ጥቂት ላርጎ በገባበት ውሃ ገጹ እኩል እስኪደበዝዝ ላጉ፣ በመኪና ኮምፓውንድና በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ አብሩ። የጥርስ ሳሙናም ይሠራል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። ጣሪያው መሃል ላይ ድፍረት ይኑራችሁ፣ ጠርዝ ላይ ግን አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ፤ ክሊሩ እዚያ ስስ ነው።

የበሩን መስመር በዚህ ደረጃ አጉሉት። ጥቁርና ቡናማ የዘይት ቀለም በነጭ ጋዝ በጣም አቅጥናችሁ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ መስመሩ ላይ አስነኩ፣ ራሱ ይሮጣል። ትርፉን ከ20 ደቂቃ በኋላ ነጭ ጋዝ በነካ የጆሮ ጥጥ ጥረጉ። ነጭ ጋዝ የደረቀ ናይትሮን አይነካም፤ ቅደም ተከተሉ የጠቀመን እዚህ ነው። ለነጭ መኪና ጥቁር መስመር ይጮኻል፣ ግራጫ አድርጉት።

6. ክሮም፣ መስታወት፣ ሞተር

የኪቱ ፓራውልት ፋብሪካ የለበሰው ክሮም ወፍራምና መሃሉ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ያለበት ነው። መስታወት ዕቃ ውስጥ በረኪና አድርጋችሁ ዘፍዝፉት፤ ክሮሙ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓት ባለው ጊዜ ይለቃል። በረኪናን ከአልኮልም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አታገናኙ፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። መስመሩን ልጋችሁ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ርጩ፣ በላዩ ስስ የአሉሚኒየም ቀለም። ጥቁሩ መብረቅረቁን ይሰጠዋል። በመስኮት ዙሪያ ላለው ቀጭን ክሮም ስስ የቸኮላት ፎይል በውሃ በቀጠነ ኮላ ለጥፉ፣ በጥርስ እንጨት ጠርዙን ጫኑ፣ በአዲስ ምላጭ ቁረጡ።

መስታወት በነጭ ኮላ ብቻ ይጣበቃል። የሱፐር ግሉ ትነት በአቅራቢያው ያለውን ግልጽ ፕላስቲክ ሁሉ በነጭ ጭጋግ ይሸፍናል፤ መኪናው ተዘግቶ እያለ ውስጥ ሱፐር ግሉ ቢኖር እንኳ ይህ ይደርሳል።

ኪታችሁ ሞተር ካለው የቮልስ ሞተር ከኋላ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አራት ሲሊንደር ነው። የላሜራ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ ጥቁር፣ ካርቡራተሩ የደበዘዘ ብር። የካንዴላ ገመድ ጨምሩበት፤ ለውጡ ከልፋቱ በላይ ነው። እውነተኛው ገመድ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ለእናንተ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ይወጣል። አምስት ቁረጡ፦ አራቱ ከዲስትሪቢውተሩ ወደ ካንዴላዎቹ፣ ሁለት ወደ ግራ ሁለት ወደ ቀኝ፣ አምስተኛው ወደ ኮይሉ። ዲስትሪቢውተሩን በ0.3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብሱና ገመዱን በሱፐር ግሉ ትከሉ።

ውስጡን ደብዛዛ ቀለም ቀቡት። የመቀመጫ ቀበቶ ማከል የሚፈልግ 2 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው የወረቀት ስኮች ይበቃዋል። ለፖርቶ መጋላ 0.8 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ተጠቀሙ፤ በእውነተኛው መኪና ላይ 19 ሚሊ ሜትር ቱቦ ማለት ነው። ሽቦውን በሱፐር ግሉ ሳይሆን በብየዳ ቆርቆሮ አያይዙት፤ ሱፐር ግሉ ሲነካ ይላቀቃል።

ጎማዎቹ ለስላሳ ስለሆኑ ውስጣቸው ያለው ማለስለሻ ከጊዜ በኋላ የቸርኬውን ቀለም ያቀልጣል። የሚነካኩበትን ቦታ ሳትቀቡ ተዉት ወይም ነጭ ኮላ በስሱ ቀቡበት። የጎማውን ፊት በ400 ፍቃችሁ አዲስነቱን አጥፉ።

7. አፈር

እዚህ ላይ የጎጃም ሰው ከማንም በላይ ዕድለኛ ነው፤ ከውጭ በብልቃጥ የሚሸጠው የአፈር ዱቄት ከደጁ አለለት። በመራዊና በዳንግላ በኩል አፈሩ ቀይ ነው። በቢቸናና በደጀን በኩል ደግሞ መረሬ ይበዛል፤ ሲደርቅ ግራጫ፣ ሲርስ ጥቁር። ሁለቱን አንድ መኪና ላይ ከመቀላቀላችሁ በፊት መኪናው የት እንደሚሄድ ወስኑ።

አዘገጃጀቱ፦ አፈሩን ምጣድ ላይ ለግማሽ ሰዓት ቁሉት፤ ካልደረቀ ይሻግታል፣ ከቀለሙ ሥርም እርጥበት ይይዛል። ውቀጡት። የቤት ወንፊት አይበቃም፤ 1 ሚሊ ሜትር የሆነች ቅንጣት በሞዴሉ ላይ 24 ሚሊ ሜትር ጠጠር ናት። በናይሎን የሴት ካልሲ ሁለት ጊዜ ንፉት። የሚያልፈው የደቀቀ ዱቄት በክዳን ዕቃ ይቀመጥ። የቀይ አፈሩ ዱቄት ብቻውን ሲደምቅ ከተሰማችሁ ጥቂት ነጭ ጠመኔ ጨምሩበት፤ የደረቀ አቧራ ከእርጥብ አፈር ሁልጊዜ የፈዘዘ ነው።

አቀባቡ እንዲህ ነው። አቧራ የሚያርፍበትን የአካሉን የታች ክፍል መጀመሪያ ደብዛዛ ክሊር ርጩ፤ የሚያብረቀርቅ ገጽ ዱቄት አይዝም። ዱቄቱን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ እያሳሳችሁ አልብሱ። የፋርማሲ አልኮል በብሩሽ ጫፍ ጠብ አድርጉበት፤ አልኮሉ ተኖ ዱቄቱ ይረጋል። በዚህ ጊዜ ከሥሩ ያለው ቀለም ናይትሮ መሆን አለበት፤ አልኮል አክሪሊክን ያነሣል። ቀለሙ በእርጥብነቱ ጠቆር ብሎ ይታያል፣ ደርቆ ሳታዩት አትጨምሩ።

የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ከመቀባቱ ይበልጣል። መኪና ሲሄድ ከኋላው አየር ስለሚሽከረከር አቧራው የኋላውን መስታወትና የሞተር ክዳኑን ከፊቱ ይልቅ ይሸፍናል። የፊት መስታወቱ መጥረጊያው የጠረገው ቅስት ንጹሕ ይሁን፤ ቅስቱን በስኮች ቆርጣችሁ ለጥፉ፣ አቧራውን አልብሱ፣ ስኮቹን አንሡ። የበሩ እጀታ ዙሪያ እጅ ስለሚነካው ይጠራል። የክረምት ጭቃ ከሆነ ከጎማው ጀርባ ወደ ኋላ በተዘረጋ ፍንጥቅ ይታያል። ዱቄቱን ከኮላና ከውሃ ጋር አቅጥናችሁ ብሩሹን በጥርስ እንጨት ፈልጥቁት። በአስፋልቱ ብቻ ከደጀን ባሕር ዳር የሄደ መኪና ቀይ አይሆንም፤ ጥቁር ግራጫ የመንገድ ቅባት ነው የሚይዘው።

ሁለት ነገር በቮልስ ላይ በብዛት ይሳሳታል። የመጀመሪያው የፍሬን ትቢያ ነው። የአባይን በረሃ የወረደ ዘመናዊ መኪና የፊት ቸርኬው ይጠቁራል፤ የ1966ቱ ቮልስ 1300 ግን የፊት ፍሬኑም በታምቡር ውስጥ የተዘጋ ስለሆነ ትቢያው ወደ ውጭ እምብዛም አይወጣም። ቸርኬውን አታጥቁሩ። ሁለተኛው ዝገት ነው። ጨው በሌለበት ደጋ ዝገት ቀስ ይላል፤ ከመርገጫው ሥርና ከፓራፋንጎው የታች ጠርዝ ያለፈ ዝገት የባሕር ዳርቻ መኪና ያስመስለዋል። በአንጻሩ የሁለቱን ማርሚታ ጫፎች አለማጥቆር ስህተት ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተር ያለው ሞተር ነዳጁ ይበዛበታል፣ ጭሱም ይጠቁራል። ከምጣድ ሥር የተጠረገ ጥላሸት ለዚህ ይሆናል፤ ጫፎቹ ላይና ከበላያቸው ያለው የአካሉ ጠርዝ ላይ በስሱ።

የደጋ ፀሐይ ያከሰመውን ቀለም ማሳየት የሚፈልግ ደግሞ ይህን ከክሊሩ በፊት ነው የሚሠራው። በመሠረቱ ቀለም ላይ 20 በመቶ ነጭ ጨምሮ ጣሪያውና የኮፈኑ መሃል ላይ ብቻ እንደ ጉም ይረጫል።

8. ሰሌዳና የመጨረሻ ግጥሚያ

ለቀድሞው ኮድ 2 የአማራ ክልል ሰሌዳ ጽሑፉ ሰማያዊ ነው፣ ከክልሉ «አማ» ጋር። እውነተኛ ሰሌዳ ለክታችሁ በ24 አካፍሉ፣ በጥሩ ወረቀት አሳትሙ፣ ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት አሳሱ፣ ፊቱን ክሊር ቀቡ። ቁጥሩን ራሳችሁ ፍጠሩት፤ የሰው መኪና ቁጥር አትቅዱ።

መገጣጠሙ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፦ መስታወት፣ የውስጡ ክፍል፣ ሻንሲ፣ ጎማ፣ ፓራውልት፣ መብራት። አራቱም ጎማ መሬት መንካቱን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አቁማችሁ እዩ፤ አንዱ ከተንጠለጠለ አክሱሉ ገና ሳይደርቅ አስተካክሉ። ስፖኪዮ፣ የዝናብ መጥረጊያና አንቴና ሁልጊዜ መጨረሻ ይገባሉ፣ አለበለዚያ በእጅ ይሰበራሉ። የፊት መብራቱ መስታወት በነጭ ኮላ ይጣበቅ፤ ለአንድ ሌሊት ሳይነካ ይቆይ።

የሚቀመጥበት መደርደሪያ ቀጥታ ፀሐይ የማይደርስበት ይሁን፤ ፀሐይ ክሊሩን ያቢጫል፣ ቀጫጭኑን የመስኮት ምሰሶም ያጣምማል። ከወራት በኋላ አቧራ ሲይዝ በደረቅ ሰፊ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። እርጥብ ጨርቅ አታስነኩት፤ የቀባችሁትን አፈር አብሮ ይወስደዋል።